ድምፁ አነሰ ወይስ ጫጫታው በዛ?

ታክሲው ሞልቶ ከመገናኛ ይነሳል። ረዳቱ በሩን ጠርቅሞ ሒሳብ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ የሾፌሩ ሬዲዮ ዜና ያነባል፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን አያቋርጥም። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ ኤርፎኑን ሰክቶ ከስልኩ የበገና መዝሙር ከፍቷል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በገና የሚጮህ መሣሪያ አይደለም። ከ10 አውታሮቹ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ፣ እንዝራ የምትባለው የቆዳ ቁራጭ አውታሩ ሥር ገብታ በምትሰጠው ንዝረት የሚታወቀው ድምፅ፣ ለጸጥታ የተሠራ ነው። ታክሲው ውስጥ ግን ያ ንዝረት ከሞተሩ ንዝረት አይለይም። ተሳፋሪው የድምፅ መጨመሪያዋን ይጫናል። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ትሞላለች። ጣቱ ግን አሁንም ይጫናል፤ ከመጨረሻው በኋላ ሌላ መጨረሻ እንዳለ ሁሉ። በስተመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ኤርፎኑን ወደ ውስጥ ገፋ ያደርግና በመዳፉ ጆሮውን ይደፍናል። በገናው ተመልሶ ይመጣል። ማጫወቻው ቅንጣት አልጨመረም፤ ባትሪውም የተለየ ኃይል አልሰጠም። የተለወጠው ሌላ ነው። ጫጫታው በር ተዘግቶበታል፤ ድምፁ የሚያመልጥበትም ክፍተት ተደፍኗል።

“ማጫወቻዬ ድምፁ ያንሳል፤ እንዴት ላስጨምረው?” የሚለው ጥያቄ በኪስ የሚያዝ ማጫወቻ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ችግር ስላለው ሊናቅ አይገባም። የተለመደው መልስ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ጨምር። ገደቡን አንሳ፣ ማጉያ ግዛ፣ ድምፅ አሳድጋለሁ የሚል አፕሊኬሽን ጫን። ተሳፋሪው ሳያስበው በመዳፉ ያደረገው ነገር ከዚህ መልስ ይሻላል። ድምፅ የሚያንሰው አብዛኛውን ጊዜ በጫጫታ ተሸፍኖ፣ በላላ ኤርፎን አምልጦ፣ ገና ሲቀዳ ዝቅ ብሎ ተቀድቶ ወይም ካልተመጣጠነ ማዳመጫ ጋር ተጋጥሞ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱ መድኃኒት አለው። ጣሪያውን ማፍረስ ከሁሉም መጨረሻ የሚሞከር ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው።

እጥፍ ለመስማት 10 እጥፍ

ነገሩን ለመረዳት ከዴሲቤል መጀመር ግድ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር እየተደመረ የሚሄድ መለኪያ አይደለም። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ወደ ማዳመጫው የሚሄደው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር 10 እጥፍ፣ 20 ሲጨመር 100 እጥፍ ይደርሳል። ጆሮ ግን የሚሰማው በዚህ ስሌት አይደለም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ሰሚው “ትንሽ ከፍ አለ” ይላል። “አሁን እጥፍ ሆነ” ለማለት አብዛኛው ሰው 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ድምፁ እጥፍ እንዲሆንለት የሚፈልግ ሰው ከማጫወቻው የሚጠይቀው 10 እጥፍ ኃይል ነው። በኪስ የሚገባ፣ በአንዲት ስስ ባትሪ የሚሠራ ዕቃ ይህን ያህል ኃይል በመጠባበቂያ ይዞ አይቀመጥም። ለዚህ ነው ገደብ የሚያነሱ ዘዴዎች ሁሉ ከሚነገርላቸው ያነሰ ውጤት የሚያመጡት።

“ድምፅ እናሳድጋለን” የሚሉት አፕሊኬሽኖች ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላሉ። በዲጂታል ቅጂ ውስጥ የድምፅ ሞገድ የሚቀመጠው በቁጥር ነው፤ ለቁጥሩም ጣሪያ አለው። በ16 ቢት ቅጂ ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ከዚያ በላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ዘፈኑ አስቀድሞ እስከ ጣሪያው ተሞልቶ የተቀዳ ከሆነ፣ አሳድገዋለሁ የሚለው ፕሮግራም የሞገዱን ጫፍ በመቀስ እንደተከረከመ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ይህን ለመስማት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዘፋኟ ረዥሙን ድምፅ ስትይዘው ጉሮሮዋ የደረቀ ይመስላል፤ ከበሮው “ዱም” ማለቱ ቀርቶ “ጠጭ” ይላል፤ የእንዝራዋ ንዝረት የተቀደደ ስፒከር ድምፅ ይሆናል። ድምፁ ጨምሯል ቢባልም የጨመረው ሙዚቃው አይደለም። የድምፅ ማስተካከያው፣ ማለትም ኢኳላይዘሩም፣ እንዲሁ ያታልላል። ሁሉንም መስመሮች ወደ ላይ መግፋት ጫፉን ያስከረክማል። ጎልቶ እንዲሰማ የተፈለገውን ክፍል ትቶ ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ ግን ሳያሻክር ያጎላዋል።

ከማጫወቻው በፊት ሊታይ የሚገባው ማዳመጫው ነው። ማንኛውም ኤርፎን ወይም ሄድፎን ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚናገረው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ሁለተኛው ለኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚናገረውና በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ። ለስልክ ተብለው የሚሠሩ ኤርፎኖች ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ኦም ናቸው። ለስቱዲዮና ለቤት ውስጥ ማዳመጫ ከተሠሩት መካከል ግን እንደ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ያሉት 300 ኦም ናቸው። አንድ ማጫወቻ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ቢሰጣቸው 300 ኦሙ የሚያገኘው ኃይል 32 ኦሙ ከሚያገኘው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። በዴሲቤል ወደ 10 ይጠጋል፤ በጆሮ ደግሞ ግማሽ ማለት ነው። ውድ ሄድፎን ገዝቶ “ስልኬ ድምፅ የለውም” የሚል ሰው ስልኩን ያለ ጥፋቱ ከሷል። እንዲህ ላለው ሰው ትንሽ ማጉያ መግዛት ተገቢ መፍትሔ ነው፤ የሚያደርገው ማመጣጠን ስለሆነ ጣሪያ ማፍረስ አይባልም። በኪስ ማጫወቻ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ኦሙ ዝቅ፣ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ኤርፎን መምረጥ ከማጉያው የረከሰና የቀለለ መንገድ ነው።

ፈረንሳይ ያሰረችው ድምፅ

ጣሪያውን ማፍረስ ምን እንደሚያስገኝ በግልጽ የታየው በአውሮፓ ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን በጃፓን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ሲሆን ዋጋው 33,000 የን ነበር። ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረው፤ ሁለት ሰዎች አብረው ያዳምጡበታል ተብሎ ስለታሰበ። ሕዝቡ ግን ብቻውን ማዳመጥን መረጠ። ሙዚቃ ከሳሎን ወጥቶ በመንገድ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ሰውን ይከተል ጀመር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙዚቃው ከከተማ ጫጫታ ጋር መወዳደር ግዴታው ሆነ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 ባወጣችው ሕግ የኪስ ማጫወቻዎች ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወሰነች። አፕል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ያስተዋወቀው አይፖድ በቀጣዩ ዓመት ከዚህ ሕግ ጋር ተጋጨ፤ ድምፁ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ በመገኘቱ በፈረንሳይ ሽያጩ ተቋረጠ። ኩባንያው ዕቃውን እንደገና አልሠራውም። ድምፁን የሚገድብ አዲስ ሶፍትዌር አወጣና አይፖዱ ወደ መደብሮቹ ተመለሰ።

የገዢዎቹ ቅሬታ የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ቅሬታው መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። አውሮፓ ውስጥ የተሸጠውና አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ዕቃ በብረቱም በሽቦውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው በውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ ያንን ትእዛዝ የሚሰርዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች ተሠሩ፤ በየቤቱ አይፖዱን ከኮምፒውተር ጋር እያገናኙ ድምፁን “የሚፈቱ” ሰዎች በዙ። በእርግጥ ገደቡ ዕውር ነበር። ማጫወቻው በሌላኛው ጫፍ የተሰካው በቀላሉ የሚጮህ 16 ኦም ኤርፎን ይሁን ኃይል የሚጠማው 300 ኦም ሄድፎን አያውቅም። ለአንዱ ጥበቃ የሆነው ለሌላው እስራት ነው። ይህ ልዩነት ዛሬም አለ። የአፕል የዩኤስቢ ሲ ማዳመጫ መሰኪያ በአሜሪካ የሚሸጠው እስከ 1 ቮልት ሲሰጥ ለአውሮፓ የሚሠራው ግማሹን ብቻ ይሰጣል። በመልክ መንትያ ናቸው፤ በዴሲቤል ግን 6 ያህል ይራራቃሉ።

ያን ያህል የተደከመለት ፍቺ ያስገኘው ምን ነበር? እስከ 6 ዴሲቤል ቢሆን ሰሚው “ጨመረ” የሚለው እንጂ “እጥፍ ሆነ” የሚለው አይደለም። 6 ዴሲቤል ደግሞ በደንብ የሚገጥም ኤርፎን ጫጫታውን በመከልከል ብቻ ከሚያስገኘው ያንሳል። ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚደፍን ኤርፎን በትክክል ሲቀመጥ የውጭውን ድምፅ በ20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ታክሲ ውስጥ መዳፉን የተጠቀመው ተሳፋሪ ከአይፖድ ፈቺዎቹ የበለጠ ያተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ጸጥታን መግዛት

ለዚህ መከራከሪያ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2006 ብሪያን ፍሊገርና ቴሪ አይቭስ የተባሉ የመስማት ሳይንስ ባለሙያዎች ያቀረቡት ጥናት ነው። 100 የዶክትሬት ተማሪዎችን በተለያየ የጫጫታ መጠን ውስጥ አስቀምጠው ሙዚቃውን ራሳቸው በመረጡት ድምፅ እንዲያዳምጡ አደረጉ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ድምፁን ለጆሮ አደገኛ እስከሚሆን ያሳደጉት 6 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በአውሮፕላን ውስጥ እንደሚሰማው ያለ ጫጫታ ሲለቀቅባቸው፣ በተለመዱት ኤርፎኖች ከ85 ዴሲቤል በላይ ያሳደጉት 80 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጫጫታ ውስጥ ጆሮን የሚደፍን ኤርፎን ሲሰጣቸው ግን ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ፍላጎታቸውም ያው ነው። የተለወጠው በጆሯቸውና በጫጫታው መካከል ያለው ግድግዳ ነው። ድምፅ መጨመር ዝም ብሎ የወጣትነት ግትርነት ቢሆን ኖሮ በጸጥታውም ውስጥ በጨመሩ ነበር። ያልጨመሩት ስላላስፈለጋቸው ነው። ሰው የሚፈልገው ሙዚቃው ከጫጫታው በላይ እንዲሆንለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሙዚቃውን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ጫጫታውን ማውረድም ይቻላል።

ግድግዳውን መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኤርፎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መጠን የጎማ ጫፎች ጋር ይሸጣሉ፤ ሰው ግን መጀመሪያ የተገጠመለትን ይዞ ይቀራል፤ ሌሎቹ ከካርቶኑ ጋር ይጣላሉ። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ መጠን መፈለጉም የተለመደ ነው። ጫፉ በትክክል መግጠሙን ለማወቅ ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሲገጥም የራስ ድምፅ በራስ ቅል ውስጥ ይጎላል፤ የመንገዱ ድምፅ ይርቃል፤ የቤዙ ድምፅ ድንገት ይመጣል። የስፖንጅ ጫፍ ከሆነ በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ ከዚያም ስፖንጁ አብጦ ቀዳዳውን እስኪሞላ ድረስ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ቤዙ ሲመለስ ሙዚቃው ሁሉ የጨመረ ይመስላል፤ ይህም ምክንያት አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ቃና ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ላላ ያለ ኤርፎን ያንኑ ወፍራም ቃና በክፍተቱ ያፈስሰዋል። አድማጩ የጎደለውን ቤዝ ፍለጋ ሁሉንም ይጨምራል፤ ቤዙ ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ጆሮውን የሚመታው ቀጭኑ ቃና ብቻ ይሆናል።

ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፉ ሄድፎኖችም የመጡት ከዚሁ ፍላጎት ነው። አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ የተሰጠው ማዳመጫ በሞተሩ ድምፅ ተውጦ ሙዚቃውን አላሰማው ይላል። መሐንዲስ ነውና እዚያው በረራ ላይ እንዳለ ሒሳቡን መሥራት ጀመረ። ሐሳቡ ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ይሰማል፤ መሣሪያው የዚያኑ ተቃራኒ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ የሚል ነው። በሞተር ጉርምርምታ ላይ በጣም ይሠራል፤ በድንገተኛ ጩኸትና በሰው ንግግር ላይ ግን አቅሙ ይቀንሳል። ልብ ሊባል የሚገባው የፈለሰፈው ሰው የተነሳበት ነጥብ ነው። ችግሩ “ማዳመጫው ድምፅ የለውም” የሚል ነበር፤ መልሱ ግን የሚበልጥ ድምፅ ሳይሆን የሚያንስ ጫጫታ ሆነ።

ገና ዕቃ ሳይገዛ የሚደረግም አለ። ያገለገለ ኤርፎን ድምፁ ቀስ በቀስ ሲያንስ፣ በተለይም አንዱ ጎን ከሌላው ሲደክም፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጆሮ ኩክ ነው። አፉ ላይ ያለችው ወንፊት በቀላሉ ትደፈናለች። አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መጥረግ ሞተ የተባለውን ኤርፎን ሲያስነሳ ይታያል። የስልክ መሰኪያም ከኪስ በሚገባ አቧራና ብናኝ ሲሞላ ሶኬቱ እስከ ታች አይገባም፤ አንዱ ጎን ይጠፋል ወይም ድምፁ የራቀ ይመስላል። ያለ ኤርፎን በስልኩ ስፒከር ለሚያዳምጥ ደግሞ ስልኩን ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ወይም ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ማቆም ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል። የድሮው ግራሞፎን ያለ ኤሌክትሪክ ቤት ሙሉ ያሰማ የነበረው መለከት በሚመስለው ቀንዱ አማካይነት ነው፤ ሳህኑም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ዝቅ ብሎ የተቀዳው

ጫጫታ በሌለበት፣ ኤርፎኑም በደንብ በገጠመበት ጊዜ እንኳ አንዳንድ ቅጂ ያንሳል። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ማጫወቻው አይደለም። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ የቆዩ ዘፈኖች፣ በቤት የተቀዱ ዝማሬዎች፣ ስብከቶችና ንግግሮች ብዙ ጊዜ ከጣሪያው ርቀው ዝቅ ብለው የተቀዱ ናቸው። የዘመኑ ዘፈኖች በተቃራኒው እስከ ጣሪያው ተሞልተው ይወጣሉ። በዓለም የሙዚቃ ንግድ ውስጥ ለዓመታት እያንዳንዱ አልበም ከሌላው በልጦ እንዲጮህ ፉክክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሜታሊካ “ዴዝ ማግኔቲክ” ከመጠን በላይ በመጨመቁ ምክንያት አድማጮች ራሳቸው ተቃውሞ ያሰሙበት አልበም ነው። ሁለቱ ዓይነት ቅጂ በአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሲጎራበቱ አድማጩ በበገናው ላይ ድምፁን ሞልቶ ሳይቀንስ ይረሳና ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ጆሮውን ይመታዋል። እውነተኛው አደጋ በዚያች የመጀመሪያ ሴኮንድ ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ፋይሎቹን ማስተካከል ነው። ሪፕሌይጌን የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲቀርብ ዓላማው ይኸው ነበር፤ እያንዳንዱ ዘፈን ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይለካል፤ ልኩም በፋይሉ ላይ ይመዘገባል፤ ማጫወቻውም በዚያ መሠረት ሁሉንም ያቀራርባል። ኤምፒ3ጌን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤምፒ3 ፋይሎችን በ1.5 ዴሲቤል እርምጃ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁን ፈትቶ እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይጎዳም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በገና እስከ ጣሪያው ቦታ ስላለው ሳይከረከም ሊያድግ ይችላል። ጣሪያ የደረሰውን ዘፈን ግን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ስፖቲፋይን የመሳሰሉት አገልግሎቶችም ዛሬ ዘፈኖችን በዚህ ዓይነት ልኬት ያመጣጥናሉ። ለአድማጩ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው፤ አንዴ ካስተካከለ በኋላ እጁን ከመጨመሪያዋ ላይ ማንሳት ይችላል።

ባዳው ጆሮ

“ጆሮው የራሴ ነው፤ መጉዳትም መብቴ ነው” የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። አዋቂ ሰው በአካሉ ላይ የመወሰን መብት እንዳለው የሚካድ አይደለም። መወሰን ግን ማወቅን ይጠይቃል፤ ጆሮ ደግሞ ለባለቤቱ አይናገርም። አበው “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ያሉት ስለ ሐሜት ነው፤ ለሕክምናውም ግን እንዲህ የሚስማማ አባባል ማግኘት ይከብዳል። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመሰለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ስንወለድ የተሰጡን እነዚያው ናቸው፤ በሰው ልጅ የሞቱት አይተኩም። ዓይን ጭስ ሲነካው ያነባል፤ እጅ እሳት ሲነካው ይሸሻል። ሕዋሳቱ ግን ያለ ሕመም ያልቃሉ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ይቀራል። በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ፤ 100 ዴሲቤል የፈረንሳይ ሕግ የፈቀደው ጣሪያ ነው። ገደቡ ጠበበብኝ የሚለው ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ገደቡ ራሱ ሰፊ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፍሊገርና ባልደረባው የኪስ ሲዲ ማጫወቻዎችን በሙሉ ድምፅ ሲለኩ ከ91 እስከ 121 ዴሲቤል አገኙ። የአውሮፓ ኮሚሽን የሳይንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኪስ ማጫወቻ አድማጮች መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ለዓመታት በከፍተኛ ድምፅ ካዳመጡ ለዘላቂ የመስማት ጉዳት እንደሚጋለጡ አስጠነቀቀ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ደረጃ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ማጫወቻው በ85 ዴሲቤል ተገድቦ ይጀምራል፤ ተጠቃሚው ፈቅዶ ወደ 100 ማሳደግ ይችላል፤ ከ20 ሰዓት ማዳመጥ በኋላ እንደገና ይጠየቃል። መብቱ አልተነፈገም፤ እንዲያውቅ ግን ተደርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ከ12 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ለአደጋ መጋለጣቸውንም ይናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ “ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ፣ በጥሩ ኤርፎን፣ በትክክለኛ ቅጂ እንኳ አይበቃኝም” የሚለው። ይህን የሚል ሰው ልብ ሊሰጠው የሚገባው ምልክት ላይ ነው። ጆሮ በከፍተኛ ድምፅ ሲቆይ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ትናንት የበቃው ድምፅ ዛሬ ያንሳል፤ ስለዚህ ይጨመራል፤ በጨመረ ቁጥር ድንዛዜው ይጠልቃል። ካዳመጡ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ፣ ሰው ሲናገር ተደፍኖ ከተሰማ፣ የመጀመሪያው መፍትሔ ዕረፍት ነው። ምልክቱ ካልለቀቀ ወይም ድምፅ ሁልጊዜ የሚያንስ ከሆነ የሚሄዱት ወደ ማጉያ ሻጭ ሳይሆን ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው። የመስማት ችሎታው ለቀነሰ ሰው ሁሉንም ቃና እኩል ማስጮህ አይረዳውም። የጎደለው ቃና ተለይቶ ሊታገዝለት ይገባል፤ የተረፈው ጆሮ ግን ሊጠበቅ።

ጆሮን ደፍኖ መንገድ ላይ መሄድ ራሱ አደጋ አለው የሚለውም ትክክል ነው። መኪና በሚበዛበት መንገድ የሚሄድ እግረኛ ጥሩምባ መስማት አለበት፤ እዚያ ኤርፎኑን ማውጣት ነው የሚበጀው። ይሁንና በላላ ኤርፎን ሙዚቃውን እስከ ጥግ ሞልቶ የሚሄደውም ሰው ጥሩምባውን አይሰማም፤ ልዩነቱ እሱ ጆሮውንም አብሮ መክፈሉ ነው። ግድግዳው የሚያስፈልገው ተቀምጠን በምንጓዝበት፣ በምናርፍበትና በምንሠራበት ቦታ ነው።

ታክሲው ሜክሲኮ ሲደርስ ተሳፋሪው ኤርፎኑን አውጥቶ ይወርዳል። ሌላ ቀን፣ ካርቶኑ ውስጥ ተረስቶ ከቆየው ትልቁ የጎማ ጫፍ ጋር፣ ያንኑ መዝሙር ይከፍታል። መስመሯ ግማሽ ላይ ናት። ሞተሩ ከሩቅ ያጓራል፤ አውታሮቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ እንዝራዋ ስትነዝር ይሰማል። መዳፉ ጉልበቱ ላይ እንዳረፈ ነው።